ከቀለም እድፍ የሚወጣ አገር

ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ ከአእምሮው ገደል ሊሥል የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው አንድ ዓይነት ሥዕል ነው፦ ሦስት ሾጣጣ ተራሮች፣ በመካከላቸው የምትወጣ ፀሐይ፣ የሚጠማዘዝ ወንዝ፣ ወንዙ ዳር አንድ ጎጆ። እጅ የለመደውን ይደግማል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከጣርማ በር ላይ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና እያየ ያደገ ሰው እንኳ እርሳስ ሲጨብጥ ያየውን ገደል ትቶ በአንደኛ ደረጃ ደብተሩ ላይ የሣለውን ተራራ መልሶ ያመጣል። ከቀለም እድፍ መነሣት የሚጠቅመው ይህን ልማድ ለመስበር ነው። እጅ ያልመረጠው ቅርጽ ቀድሞ ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፤ ዓይን ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሠዓሊዎች ያደፈ ግድግዳን አተኩረው እንዲያዩ መክሯል፤ ተራራም፣ ወንዝም፣ ዐለትም፣ ሸለቆም ይገኝበታል ብሎ። ጃፓናዊው መነኩሴ ሴሹ ከቻይና ሠዓሊዎች የተወረሰውን የተረጨ ቀለም ስልት ይዞ በ1495 የሠራው መልክዓ ምድር ዛሬም ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አለ። ነገሩን ደረጃ በደረጃ አስቀምጦ ያስተማረው ግን እንግሊዛዊው የሥዕል መምህር አሌክሳንደር ኮዘንስ ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1785 አካባቢ ነው፤ እሱ ራሱ በ1786 ሞተ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኮዘንስ ትምህርት ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። እድፉ በጭፍን የሚረጭ አይደለም። ሠዓሊው አስቀድሞ አንድ ሰፊ ርዕስ በልቡ ይይዛል፤ «ሰፊ ሜዳ ከበስተኋላው ገደል» ወይም «ጠባብ ሸለቆ» ያህል ብቻ። ከዚያ እጁን በፍጥነት ይለቃል። ጠቅላላ አቀማመጡ የሠዓሊው ነው፣ ዝርዝሩ የአጋጣሚ ነው። ይህን ርዕስ ሳይዝ የሚረጭ ሰው አሥር ወረቀት አበላሽቶ አንድ እንኳ የሚረባ ላያገኝ ይችላል።

ሌላው የሥራው ግማሽ ደግሞ ከየትኛውም የሥዕል መጽሐፍ አይገኝም። እድፍ ቅርጽ ይሰጣል፣ መሬት ግን አይሰጥም። ውኃ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ድንጋይ ለምን በደረጃ እንደሚቆም፣ የትኛው ዛፍ በየትኛው ከፍታ እንደሚበቅል የሚያውቅ ሰው ነው እድፉን የሚታመን አገር የሚያደርገው። ለዚህም ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሚኖር ሠዓሊ ትልቅ ሀብት ከደጁ አለለት ብዬ አምናለሁ፤ ከ50 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ የመኪና መንገድ ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ተነሥቶ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሸዋ ሮቢት መድረስ ይቻላል። ውርጭና ግራር በአንድ ቀን የሚታዩበት አገር ነው።

መጀመሪያ ቀለሙ። ኢንዲያን ኢንክ የሚባለው የጠርሙስ ጥቁር ቀለም ለእድፉ ከሁሉ ይሻላል፤ አንዴ ከደረቀ በኋላ ውኃ ስለማይነካው በላዩ ላይ ሌላ ቀለም መደረብ ይቻላል። ጠርሙሱን ሌሊት መስኮት ደፍ ላይ አትተዉት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ካገኘው ቀለሙ ይቋጥርና ወደ ቀድሞ ሁኔታው አይመለስም።

ቀለሙን ራስ ማዘጋጀትም ይቻላል። የብራና ጸሐፊዎች ቀለም ጥላሸትን፣ የተቆላ እህልንና ቅጠላ ቅጠልን አዋሕዶ ለወራት የሚብላላ ስለሆነ የራሱ ሙያ ነው። ለእድፍ የሚሆነው ግን ቀላል ነው፦ ጥላሸትና የግራር ሙጫ። አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ሙጫ በሦስት ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አሳድሩና በስስ ጨርቅ አጥልሉት። ከኩራዝ ነበልባል በላይ በተያዘ የቆርቆሮ ክዳን ላይ የተሰበሰበ ጥላሸት አንድ ማንኪያ ውሰዱ። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ፤ ጥላሸቱ ቅባት ስላለው ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ቢያማስሉትም አይገባም። መፍትሔው አስቀድሞ አምስት ስድስት ጠብታ አረቄ ጠብ አድርጎ ማራስ ነው። ከዚያ ሙጫውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ በማንኪያ ጀርባ ሳህን ላይ ሩብ ሰዓት ያህል መፍጨት። መጠኑ እንደ ሙጫው ዓይነት ስለሚለያይ ወረቀት ላይ ሞክሩት፤ ደርቆ ጣት የሚያጠቁር ከሆነ ሙጫው አንሷል፤ የሚያብረቀርቅና የሚሰነጣጠቅ ከሆነ በዝቷል። አንድ ጉድለቱን ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሙጫ ውኃ ሲነካው እንደገና ስለሚሟሟ በእንዲህ ያለ ቀለም የተሠራ እድፍ ላይ በእርጥብ ብሩሽ መደረብ አይቻልም፤ ሁሉም ተቀላቅሎ ይጨቀያል። በእሱ የሠራችሁትን እድፍ በሌላ ወረቀት ላይ መገልበጥ ግድ ይሆናል።

ቀለሙን በሦስት ብርጭቆ ለዩት፦ ያልቀጠነ፣ አንድ ለሦስት በውኃ የቀጠነ፣ አንድ ለአሥር የቀጠነ። ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ ካልተገናኙ እድፉ ጥልቀት አይኖረውም።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር ቢያንስ 200 ግራም የሚመዝን የስዕል ወረቀት ይሁን፤ ኤ3 ቢሆን ይመረጣል። ባለ 80 ግራሙ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ሲርስ ይኮማተርና ቀለሙ ጎድጓዳው ላይ ይጠራቀማል፤ እድፉ የእጃችሁ መሆኑ ቀርቶ የመኮማተሩ ይሆናል። ካላገኛችሁ በአራቱም ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ጣውላ ላይ ወጥሩት።

አሁን ወደ እድፉ። ስልቱ ብዙ ነው፤ የኔ ምርጫ ወረቀቱን አስቀድሞ በእጅ ጨምድዶ፣ መልሶ ዘርግቶ፣ በላዩ ላይ ወፍራም ብሩሽን በጎኑ መጎተት ነው። ቀለሙ የጭምዱን ጫፎች ይይዛል፣ ጎድጓዳዎቹን ይዘላል፤ የተሰባበረ ዐለት ያለ ምንም ድካም ይወጣል። ሁለተኛው ስንደዶ ነው። ሃያ ሠላሳ ዘለላ አንድ ላይ አስራችሁ ጫፉን እኩል ቆርጣችሁ፣ ቀለም ነክራችሁ፣ በአሮጌ ጨርቅ ላይ አራግፋችሁ ከላይ ወደ ታች ጎትቱት። የሚወጣው የቀጥታ ጭረት ገደል ላይ ከሚታየው ቀጥ ብሎ የቆመ የባዛልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አምድ ጋር በጣም ይቀራረባል። ቀለሙ ሳይራገፍ ከተጎተተ ጭረቶቹ ተያይዘው አንድ ጥቁር ግድግዳ ይሆናሉ። የመንዝ በግ ፀጉርም ያገለግላል፤ ጭብጥ አድርጎ ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ጫን ጫን ማድረግ ቁጥቋጦና ጉም ይሰጣል። ፀጉሩ በተፈጥሮው ቅባት ስላለው ውኃን ይገፋልና አስቀድሞ በሙቅ ውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ሳይታጠብ የተጠቀመበት ሰው ቀለሙ ለምን እንደሚንጠባጠብ ግራ ይገባዋል።

ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበትን ቦታ በጧፍ ቀቡት። ሰሙ ያረፈበት ቦታ ቀለም አይቀበልም፤ ፏፏቴና የመንገድ መስመር በዚህ ይወጣል። ሥራው ካለቀ በኋላ በሁለት ወረቀት መካከል አድርጎ በመጠኑ በሞቀ ካውያ መተኮስ አብዛኛውን ሰም ያነሣዋል። በጣም የጋለ ካውያ ግን ሰሙን ወረቀቱ ውስጥ ያሰርገውና ለዘለቄታው የቅባት ጥላ ይተዋል።

ወረቀት አጥፎ ቀለሙን መሐል ላይ መጫን የብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያ ሙከራ ነው። ለመልክዓ ምድር አይመችም። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ስለሚሆን ዓይን ወዲያው ፊት ወይም ነፍሳት ያያል፤ ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ኸርማን ሮርሻክ በ1921 ለሥነ ልቦና ምርመራ ያሳተማቸው እድፎችም ግራና ቀኛቸው እንዲሁ የሚመሳሰል ነው። እጥፋቱ አግድም እንዲሆን ወረቀቱን ካዞራችሁት ግን የላይኛው ተራራ፣ የታችኛው የሐይቅ ነጸብራቅ ይሆናል። ለዚያ ብቻ ይጠቅማል።

እድፉን የመሥራቱ ጊዜ ከሁለት ሦስት ደቂቃ አይለፍ። ከዚያ በላይ የቆየ እጅ ማሰብ ይጀምራል፤ ማሰብ የጀመረ እጅ ደግሞ ወደ ሦስቱ ሾጣጣ ተራሮች ይመለሳል። ከወረቀቱ ቢያንስ ሲሶው ነጭ ይቅር። ከሚያጋጥሙ ስሕተቶች ሁሉ የሚበዛው ይህን አለመጠበቅ ነው፤ ሰው እድፉ «አልሞላም» ብሎ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ ሰማይም ውኃም የሚሆን ቦታ ያጣል። ነጠብጣቦቹ በመጠን እኩል ሲሆኑም እድፉ ይሞታል። አንድ ሰፊ፣ ሁለት ሦስት መካከለኛ፣ ቀሪው ጥቃቅን ይሁን።

የአገሩ አየር በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። በበጋ እኩለ ቀን፣ 2800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደረቁ ነፋስ የቀጠነውን ቀለም ተዘርግቶ ሳያልቅ ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ጠርዙ ሁሉ የሰላ ይሆናል፣ ጉም የሚባል ነገር አይወጣም። ለስላሳ ጠርዝ የሚፈልግ ሰው በማለዳ ይሥራ፣ ወይም የወረቀቱን ጀርባ በስፖንጅ ያርስ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ወረቀቱ ላዩ የደረቀ መስሎ ውስጡ እርጥብ ይቆያል፤ በዚያ ላይ አዲስ ጠብታ ሲያርፍ ውኃው የፊተኛውን ቀለም እየገፋ ዳር ዳሩ የተሸራረፈ ክብ ይሠራል። ይህ በሌላ ሥዕል ላይ ጥፋት ነው፤ እዚህ ግን ደን ወይም ደመና ሆኖ ሊያገለግል ይችላልና ለመጥረግ አትቸኩሉ። ሰማይ ላይ ረጋ ያለ ጥላ ስትፈልጉ ብቻ ነው በእርግጥ የሚጎዳው።

ከደረቀ በኋላ ማየት ይመጣል፤ በኔ ግምት ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ሁለት ሜትር ያህል ራቁ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ፤ ጥቃቅኑ ጠፍቶ ጨለማውና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። በአራቱም አቅጣጫ አዙሩት። በስልክ ፎቶ አንሥቶ በትንሹ ማየትም ይረዳል። በዚህ ጊዜ «ይሄ ተራራ ነው፣ ያ ዛፍ ነው» እያሉ ስም ለመስጠት መቸኮል ጥሩ አይደለም፤ ስም የወጣለት ቅርጽ ሌላ ነገር መሆን ይሳነዋል። አስቀድሞ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው፦ አድማሱ የት እንደሚያልፍ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ውኃው በየት እንደሚወርድ። ሦስቱ ከተገኙ ቀሪው ይከተላል። ፊት ወይም እንስሳ ብቻ የሚታያችሁ እድፍ ካጋጠማችሁ ገልብጡት፤ ተገልብጦም ፊቱ ካልለቀቀ ተዉት፣ ተመልካቹም ያንኑ ፊት ያያልና።

እድፉ ሙሉ በሙሉ ጠቃሚ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ከካርቶን ሁለት የማዕዘን ቅርጽ ቁራጮች ቁረጡና አገናኝታችሁ የሚጠብና የሚሰፋ መስኮት ሥሩ፤ በእድፉ ላይ እያንሸራተታችሁ የሚረባውን ክፍል ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጠርዝ አካባቢ ነው፤ እጅ ያልተጠነቀቀው እዚያ ስለሆነ። ከዚያ በላዩ ላይ ትሬሲንግ ፔፐር (ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ስስ ወረቀት) አስቀምጣችሁ በእርሳስ ጨለማው የሚያልቅበትን ወሰን ብቻ አውጡ። ኮዘንስም እድፉን ራሱን ሳይነካ የሚያሳይ ወረቀት በላዩ ደርቦ ነበር የሚሠራው። እድፉ ሳይነካ መቆየቱ ለኋላም ይጠቅማል፤ ቀሪው ሥራ በዚህ በተደረበው ወረቀት ላይ ይሠራል።

አሁን የመሬት እውቀት ይገባል። የሰሜን ሸዋ ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እየፈሰሰ የተነባበረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጠንካራው ንብርብር ቀጥ ብሎ ገደል ይሆናል፤ በመካከሉ ያለው ልል ንብርብር ተሸርሽሮ አፈር ይይዛል፣ ይዘነብላል፣ ይታረሳል። ስለዚህ የዚህ አገር ገደል ደረጃ አለው፦ ገደል፣ ተዳፋት፣ ገደል፣ ተዳፋት። እድፋችሁ ውስጥ ያለ አንድ ወጥ ጥቁር ቁልቁለት በሁለት ሦስት አግድም መስመር ብቻ ሲከፈል ወዲያው የምታውቁት አገር ይሆናል። አናቱም ሜዳ ነው፤ ሾጣጣ አይደለም። የሾጣጣው ተራራ ልማድ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

ሸለቆና የስምጥ ሸለቆ ዳር አንድ እንዳልሆኑም ማስተዋል ይገባል። ጀማ ወንዝ ደጋውን ቆርጦ የወረደ ስለሆነ ሁለት ግድግዳ ትይዩ ይቆማሉ፤ በአንዱ በኩል ያለው የድንጋይ ደረጃ በሌላኛውም በኩል በተመሳሳይ ከፍታ መቀጠል አለበት። ከባዛልቱ ሥር ደግሞ አሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ይወጣል፤ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ የሸለቆው ታች ከላዩ ይልቅ ሊነጣ ይችላል። አንኮበርና ጣርማ በር በኩል ግን መሬቱ ራሱ ተሰብሮ ወደ አፋር የወረደበት ነው፤ ግድግዳው አንድ ብቻ ነው፣ ወዲያ ማዶ ትይዩ የሚቆም የለም፣ ርቆ የሚጠፋ ዝቅተኛ አገር ብቻ ነው። እድፉ በአንድ ጎን ብቻ የከበደ ከሆነ ሸለቆ ለማድረግ አትታገሉ፤ የደጋ ዳር አድርጉት። ደብረ ሲና አካባቢ የሚያጋጥመው የመሬት መንሸራተትም የራሱ ቅርጽ አለው፦ ከላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ ጠባሳ፣ ከታች የተጎራበጠ ክምር። በእድፍ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ቅርጽ ነው፤ የማያውቀው ሰው ግን «ትርጉም የለውም» ብሎ ያጠፋዋል።

ርቀት በቀለሙ ውፍረት ይለካል። የቅርቡ ጠቆር፣ የሩቁ ሳሳ ይላል፤ ከጣርማ በር ወደ ምሥራቅ ሲታይ ሸንተረሮቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየፈዘዙ ይሄዳሉ። እድፋችሁ ውስጥ የሩቁ ከቅርቡ ጠቁሮ ከወጣ ሁለት መንገድ አለ፦ የደመና ጥላ ያረፈበት አድርጉት፣ ወይም ወረቀቱን ገልብጡና ሩቁን ቅርብ አድርጉት። በነጭ ቀለም ለማሳሳት መሞከር ግን ኖራ የተቀባ ያስመስለዋል።

ልክ የሚሰጠው ትንሹ ነገር ነው። ቁመቱ 4 ሜትር ገደማ የሆነ የመንዝ የድንጋይ ቤት በ4 ሚሊ ሜትር ከተሣለ፣ ከጎኑ ያለው 15 ሴንቲ ሜትር የእድፍ ገደል 150 ሜትር ይሆናል። ያንኑ ቤት በ2 ሚሊ ሜትር ሣሉት፤ ገደሉ ምንም ሳይነካ 300 ሜትር ሆነ። ስለዚህ ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም ከብቱን በመጨረሻ አስገቡ፤ ከዚያም በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ ሣሉና እየቆረጣችሁ ቦታ ለቦታ ሞክሩ። ሁለት ቤት በተለያየ ርቀት ላይ ካለ የሩቁ ማነሱን አትርሱ፤ እኩል ከሆኑ ገደሉ ይፈርሳል።

ዛፉም ከፍታውን ይናገራል። ጅብራ የውርጭ አገር ነው፤ ከጓሳ ሣርና ከአስታ ጋር ይቆማል። ቁልቋልና ጠፍጣፋ አናት ያለው ግራር የታች ናቸው። ጥድ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያና በወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ሾጠጥ ብሎ ይታያል፤ ባሕር ዛፍ በቀጭኑ ተሰልፎ መንደርና መንገድ ዳር። ጅብራና ግራር አንድ ቋጥኝ ላይ ጎን ለጎን ከተሣሉ አገሩን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ሥዕሉን አያምነውም። ምናባዊ አገር ማለት ሕግ የሌለው አገር ማለት አይደለምና እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ቦታው የትም አይገኝ ይሆናል፤ ውኃው ግን ሽቅብ አይፈስም፣ ጥላውም በሁለት ወገን አይወድቅም።

በመጨረሻ በብዕር ስትገቡ ዙሪያውን ሁሉ በመስመር አትክበቡ። ብርሃን ያለበት ጠርዝ ክፍት ይሁን፤ መስመር የሚያስፈልገው እድፉ ራሱ ያልተናገረው ቦታ ላይ ብቻ ነው። መቃ ብርዕ ካላችሁ ከብረት ብዕር ይሻላል፤ ቀለሙ ሲያልቅበት የሚሰጠው የተቆራረጠ ጭረት ከእድፉ ጋር ይዋሓዳል። የብረቱ እኩል መስመር ግን በኋላ የተለጠፈ መምሰሉ አይቀርም። ዝርዝሩንም አንድ ቦታ ላይ ብቻ አብዙት፣ ዓይን እንዲያርፍበት በምትፈልጉት፤ ሌላው እድፍ እንደሆነ ይቅር።

እድፉን አትጣሉ። ጀርባው ላይ ቀኑን፣ የቀለሙን ቅጥነትና በየትኛው መሣሪያ እንደተሠራ በእርሳስ ጻፉ፤ በክረምት ሻጋታ እንዳያገኘው ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ በካርቶን መካከል ዘርግታችሁ አስቀምጡ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አውጡና አዲስ ትሬሲንግ ፔፐር ደርባችሁ ሌላ አገር ፈልጉበት፤ ፊተኛው የደጋ ዳር ከነበረ አሁን ወረቀቱን በጎኑ አዙራችሁ ሸለቆ። ሦስተኛም ይሞከር። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የቱ ላይ እድፉን እንዳዳመጣችሁና የቱ ላይ የለመዳችሁትን ተራራ እንደጫናችሁበት በግልጽ ይለያል፤ ቀጣዩን እድፍ ስትሠሩ የትኛውን መሣሪያ እንደምታነሡም ከዚያው ታገኛላችሁ።